በ2.4 ሄክታር የማህበር መሬት ላይ የአፈር ሪፖርታችን ተመልሶብናል፤ ምን ጎደለው?

የቴክኒክ ኮሚቴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ 2.4 ሄክታር መሬት ላይ የቤት ኅብረት ሥራ ማህበር ቤቶችን ለመገንባት ፈቃድ ጠይቀናል። ዕቅዱ 72 ተያያዥ የጂ+2 ቤቶችና እያንዳንዳቸው 24 አባወራ የሚይዙ ሁለት የጂ+7 ብሎኮች ነው። የቦታው ላይኛው ጫፍ ባህር ዛፍ ነው። ከዚያ በ12 በመቶ ገደማ ተዳፋት ይወርድና ታችኛው ግማሽ ሜዳ ሆኖ ጥቁር አፈር ይሆናል። በምሥራቅ በኩል በክረምት የሚሞላ ጅረት ያዋስነዋል። ከጅረቱ ጎን ያለው ማዕዘን ላይ ማን እንደደፋው የማይታወቅ የግንባታ ተረፈ አፈር ተቆልሏል፤ ከፍታው 3 ሜትር ይደርሳል።

አማካሪያችን የካቲት ላይ ሦስት የሙከራ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸውን 3 ሜትር አስቆፍሮ ሪፖርት አስረክቧል። ማጠቃለያው "በ2 ሜትር ጥልቀት የሚፈቀድ የመሸከም አቅም 250 ኪሎፓስካል" ይላል። የፈቃድ ክፍሉ "የአፈር ምርመራው በቂ አይደለም፣ የአካባቢ ጉዳይም አልታየም" ብሎ መልሶታል። አማካሪው ደግሞ ነገሩ ማጓተት ነው ባይ ነው። ስንት ቁፋሮ ያስፈልጋል? ምን ምን ይመረመራል? በምን ቅደም ተከተል? ፍሳሹን በየቤቱ ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ጉድጓድ ለመጨረስ አስበናል፤ ያስኬዳል?

ጂኦ_ቦርሆል፦

የመለሰው ሰው ልክ ነው። ሪፖርቱ ቁጥር ቢይዝም ቦታው የሚያነሳውን ጥያቄ አልመለሰም።

ከጥልቀቱ ልጀምር። ዩሮኮድ 7 (የአውሮፓ የመሠረት ዲዛይን ደንብ) ሁለተኛ ክፍል ለነጠላ ፉቲንግ (ከአንድ ዓምድ ሥር ለሚቀመጥ የኮንክሪት መሠረት) የሚጠይቀው የምርመራ ጥልቀት ከፉቲንጉ ታች ጀምሮ የስፋቱ ሦስት እጥፍ ወይም 6 ሜትር ሲሆን ከሁለቱ ትልቁ ይወሰዳል። 2 ሜትር ስፋት ያለው ፉቲንግ 2 ሜትር ላይ ቢቀመጥ ቁፋሮው ቢያንስ 8 ሜትር ይወርዳል። የጂ+7ቱ መሠረት ማት (ከሕንፃው ሥር የሚነጠፍ አንድ ወጥ ኮንክሪት) ከሆነ የስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ማለትም 18 ሜትር ስፋት ላለው 27 ሜትር ከማቱ በታች። አለት ቀድሞ ከተገኘና የአካባቢው ጂኦሎጂ ግልጽ ከሆነ ማሳጠር ይፈቀዳል። "አለት ነካን" ብሎ ማቆም ግን አዲስ አበባ ላይ አያዋጣም። እዚህ የላቫ ንጣፎች በተለያየ ጊዜ ስለተደራረቡ ከጠንካራው ባዛልት ሥር የበሰበሰ አለት፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም የተቀበረ አሮጌ አፈር ሊገኝ ይችላል። አንዳንዴ የተነካው ጭራሽ አለት ሳይሆን ጭቃ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ቋጥኝ ነው። ስለዚህ አለት ከተገኘ በኋላ 5 ሜትር ያህል በኮር (የአለት ናሙና በዘንግ ቅርጽ እያወጡ) ይቀጥል፤ የኮር ማግኛ መቶኛውና አርኪውዲው (ሳይሰባበር በረጅሙ የወጣው ድርሻ) በየሜትሩ ይመዝገብ።

ቁጥሩን በተመለከተ ደንቡ ለረጃጅምና ለኢንዱስትሪ ሕንፃዎች በቦርሆሎች (በማሽን በሚቦረቦሩ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓዶች) መካከል ከ15 እስከ 40 ሜትር ርቀት ይላል። በእናንተ ቦታ እኔ የምጠይቀው ለእያንዳንዱ ብሎክ ሦስት፣ በተያያዥ ቤቶቹ መደዳ በየ40 ሜትሩ አንድ (ስምንት ገደማ ይመጣል)፣ በተደፋው አፈር ላይ ሁለት፣ በተዳፋቱ ላይ ከላይ እስከ ጅረቱ በአንድ መስመር ሁለት ነው። ድምሩ 18 ገደማ ነው። ጉድጓዶቹም አይቅሩ፤ ስድስት ወይም ሰባት ተጨማሪ በኤክስካቫተር ይቆፈሩ። ቦርሆል የማያሳየውን የሚያሳዩ እነሱ ናቸው።

ጉድጓዱ ምን ያሳያል? ጥቁሩ አፈር መረሬ (ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጭቃማ አፈር) ከሆነ ግድግዳው ላይ ተቃቅፈው የተንሸራተቱ የሚያብረቀርቁ ገጾች ታያላችሁ፤ በጥፍር ሲፋቅ ሳሙና ይመስላል። አፈሩ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲሸማቀቅ እርስ በርሱ የተፋተገበት ምልክት ነው። በደረቅ ወራት ከላይ የሚወርደው ስንጥቅ የት ድረስ እንደሄደ በሜትር ለኩት። የባህር ዛፍ ሥርም የት ድረስ እንደወረደ መዝግቡ። እነዚህ ሁለቱ እርጥበቱ በየወቅቱ የሚለዋወጥበትን ጥልቀት በቀጥታ ይነግሯችኋል፤ ፉቲንጉ የት መውረድ እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነው። ግድግዳው ሳይደገፍ ከወገብ በላይ ጥልቅ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይግባ። መረሬ ደርቆ ቀጥ ብሎ ይቆምና ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል፤ ከላይ ሆኖ ኤክስካቫተሩ ያወጣውን ጓል ማየት ይበቃል።

የ250 ኪሎፓስካሉ ነገር። የካቲት ላይ የደረቀ መረሬ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ኤስፒቲውም (ቦርሆል ውስጥ በመዶሻ ምት የሚሠራው የጥንካሬ ፍተሻ) ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ያው አፈር ነሐሴ ላይ ሲጠግብ ጥንካሬው በግማሽና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ላብራቶሪው ናሙናውን በተገኘበት እርጥበት ብቻ ሳይሆን ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላም ይመርምረው። ያልተረበሸ ናሙና ያስፈልጋል፤ ከጉድጓድ የተቆረጠና በሰም የታሸገ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ብሎክ ወይም በቀጭን ቱቦ የተወሰደ። በላስቲክ ከረጢት የሄደ ፍርፋሪ ለአተርበርግ (አፈሩ በእርጥበት የሚለወጥበትን ወሰን ለሚለካው ፍተሻ) ይሆናል እንጂ ለእብጠት ግፊትና ለጥንካሬ ምርመራ ዋጋ የለውም።

የላብ ዝርዝሩ አጭር ነው፦ አተርበርግ፣ የቅንጣት ስርጭት በሃይድሮሜትር፣ የተፈጥሮ እርጥበት በየሜትሩ፣ ነፃ እብጠት፣ በኦዶሜትር (ናሙናውን ቀለበት ውስጥ አድርጎ በሚጫን መሣሪያ) የእብጠት ግፊት፣ ትራያክሲያል (የጥንካሬ ፍተሻ)፣ ለኮንክሪት ደግሞ ሰልፌትና ፒኤች። ነፃ እብጠቱን ማንም ላብ በርካሽ ይሠራዋል። በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ 10 ሲሲ ደረቅ አፈር 100 ሲሲ ውሃ ባለበት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ስንት ሲሲ እንደያዘ ይነበባል። 20 ሲሲ ከሆነ እብጠቱ 100 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ቀላል ቤትን ይጎዳል። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብዙ አያሰጋም። የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር በአብዛኛው 100ን ያልፋል፤ የፈሳሽ ወሰኑም (እንደ ፈሳሽ መሆን የሚጀምርበት የእርጥበት መቶኛ) ከ80 በላይ ሲመጣ አትደናገጡ።

የውሃ ጠረጴዛ ሳትለኩ ቁፋሮውን እንዳትዘጉ። ቢያንስ አራት ቦርሆል ውስጥ ታችኛው ክፍሉ የተበሳሳ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ (ፒዞሜትር የሚባለው) ይቀመጥ፤ ዙሪያው በአሸዋ፣ አናቱ በቤንቶናይት (ውሃ በማያሳልፍ ጭቃ) ይታተም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ ይነበብ። በቁፋሮው ዕለት የተነበበ ደረጃ ላይ ቁፋሮው የተጠቀመበት ውሃ ስላለበት አይታመንም።

ጎርፍ_እና_ፍሳሽ፦

የአፈሩን ጌታው ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ውሃው ልጨምር። ማስረጊያ ጉድጓዱን እርሱት። ለምን እንደማይሆን ሂሳቡን ልሥራላችሁ።

120 አባወራ በአማካይ 5 ሰው ቢባል 600 ሰው ነው። በሰው 80 ሊትር ፍሳሽ ብትይዙ በቀን 48 ሜትር ኩብ ይመጣል። የማስረጊያ መስክ የሚለካው በስርገት ፍተሻ ነው፦ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቧንቧው ከሚቀመጥበት 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆፈራል፣ ውሃ ተሞልቶ ያድራል፣ በነጋታው እንደገና ተሞልቶ ከሦስት አራተኛው ወደ አንድ አራተኛው ለመውረድ የፈጀው ሰከንድ ለ150 ይካፈላል። ውጤቱ በሚሊ ሜትር ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ነው። ከ15 እስከ 100 ባለው ውስጥ ከሆነ ማስረግ ይቻላል። ለሴፕቲክ ታንክ የሚያስፈልገው የመስክ ስፋት ይህን ቁጥር በሰው ብዛትና በ0.25 በማባዛት ይገኛል። በመጨረሻው ወሰን፣ በ100፣ ብንወስደው 600 × 100 × 0.25 = 15,000 ካሬ ሜትር። መሬታችሁ በሙሉ 24,000 ነው። መረሬ ደግሞ ሲጠግብ 100ን ራሱ አያሟላም።

ማታለያው እዚህ ነው፦ ፍተሻው በበጋ ከተሠራ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ በደቂቃዎች ይጠፋል፤ ሪፖርቱም "ስርገቱ ጥሩ ነው" ይላል። ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ሲዘጋ ፍሳሹ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚህ የከፋው፣ 72 ማስረጊያ ጉድጓዶች በ72 ቤቶች ሥር መረሬውን ዓመቱን ሙሉ ያጠጡታል። ቤቱን በራሱ ፍሳሽ ማስነሳት ማለት ነው። ወደ ጅረቱም ሰርጎ ይገባል፤ የአቃቂ ተፋሰስ ከዚህ በላይ የሚችለው የለም።

"ታሽጎ በቦቴ ይመጠጣል" የሚል አማራጭ ይመጣባችኋል። 48 ሜትር ኩብ በ8 ሜትር ኩብ ቦቴ በቀን ስድስት ምልልስ ነው፣ እሁድን ጨምሮ። ማንም አያደርገውም፤ ሌሊት ጅረቱ ውስጥ ይደፋል። የቀራችሁ ወይ ከዋናው የፍሳሽ መስመር መገናኘት ነው (ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መስመሩ የት እንዳለ፣ የማንሆሉ ጥልቀትና ግንኙነቱን የመቀበል አቅም በጽሑፍ ይጠየቅ)፣ ወይ የጋራ ማጣሪያ መሥራት። ማጣሪያ ከሆነ ቦታው በሳይት ፕላኑ ላይ ካሁኑ ይከለል፤ የኤሌክትሪክ ጄኔሬተር፣ የዝቃጭ ማድረቂያና የኦፕሬተር ወርሃዊ ወጪም ካሁኑ ይታወቅ። ማጣሪያዎች ሥራ የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ሲቃጠል የሚጠግነው ሰው በጀት ስለሌለው ነው።

ጎርፉን በተመለከተ። አሁን መሬቱ ሳርና ዛፍ ነው፤ የፍሰት መጠን ማባዣው (ከሚዘንበው ወደ ጎርፍ የሚሄደው ድርሻ) 0.3 ቢሆን ከጣሪያና ከአስፋልት በኋላ ወደ 0.7 ይወጣል። ለምሳሌ ዝናቡ በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር ቢወርድ (ትክክለኛውን ከመንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ማንዋል የዝናብ ኩርባ አውጡ) አሁን 0.3 × 80 × 2.4 ÷ 360 = 0.16 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይወጣል፤ ከግንባታው በኋላ 0.37። የተጨመረው 0.21 ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ 380 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህን የሚይዝ ማቆያ ኩሬ በታችኛው ሜዳ ያስፈልጋል፤ መውጫው በትንሽ ቱቦ የታነቀ፣ ትርፉ በድንጋይ በተነጠፈ ወለል የሚያልፍ። ወለሉ ካልታሸገ ግን አጠገቡ ያለውን መረሬ ያርሳል፤ ስለዚህ ከቤቶቹ ይራቅ። ቦዩን ዝም ብሎ ወደ ጅረቱ መልቀቅ ዳርቻውን ያስቦረቡረዋል፤ የተደፋው አፈር ደግሞ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦

ብርቱ መልስ ነው፣ እናመሰግናለን። ለአማካሪው የጥቁሩን አፈር ስናነሳበት "1.5 ሜትር ቆፍረን አውጥተን በጠጠርና በገረጋንቲ እንተካዋለን፣ አለቀ" አለን። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው ብሎናል። ይበቃል? ሌላው ደግሞ ለጂ+7ቱ የምድር መንቀጥቀጥ ጉዳይ ተነስቷል፤ ከአፈር ምርመራው ጋር ይገናኛል?

ስትራክቸር_ዴስክ፦

ሁሉም ሰው እንዲህ እንደሚሠራ እውነት ነው። ግድግዳው የሚሰነጠቀውም ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መረሬ ውሃ አያሳልፍም፤ ጠጠር ያሳልፋል። 1.5 ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ንጹህ ጠጠር ስትሞሉበት መሬት ውስጥ ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው። ከጣሪያም ከግቢም የመጣው ውሃ እዚያ ገብቶ ይቆማል፣ መውጫ የለውም፣ ከሥርና ከጎን ያለውን መረሬ ቀስ እያለ ያጠግበዋል። ሳይተካ ቢቀር ኖሮ ከሚደርሰው ጉዳት የባሰ ሊመጣ ይችላል።

መተካት መፍትሔ የሚሆነው በሁኔታ ነው። የሚሞላው ነገር የማያብጥ ነገር ግን ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ይሁን፤ ቀይ አፈር የተቀላቀለበት ገረጋንቲ ጥሩ ነው፣ ከድንጋይ ካባ የመጣ ነጭ ጠጠር አይሆንም። በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ይነጠፍ፣ እርጥበቱ ከተመቻቸው በ2 በመቶ ሳይርቅ በሮለር ይጠቅጠቅ፣ በእያንዳንዱ ንብርብር የመስክ እፍጋት ይለካና ከሞዲፋይድ ፕሮክተሩ (በላብ ጥቅጠቃ ከሚገኘው ከፍተኛ እፍጋት) 95 በመቶ ይድረስ። ቁፋሮው ከፉቲንጉ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ውጭ ይስፋ። ታችኛው ወለል 1 በመቶ ዘንበል ብሎ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ወደ ቦይ የሚያወጣ የተበሳሳ ቱቦ ይቀበር። ይህ መውጫ በሥዕሉ ላይ ካልታየ "ተተክቷል" የሚለውን አልቀበልም።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ከሁለቱ የበለጠ የሚያሰጋው ጂ+7ቱ ሳይሆን ጂ+2ቱ ነው። የመረሬ የእብጠት ግፊት ከ100 እስከ 200 ኪሎፓስካልና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጂ+7 ማት ላይ ሆኖ በክብደቱ ይጫነዋል ወይም ፓይሉ (ወደ ጥልቀት የሚወርደው የኮንክሪት ምሰሶ) አልፎት ይወርዳል። የጂ+2 ፉቲንግ አነስተኛ ጭነት ይዞ ሲቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭነት የሌለው የምድር ወለል፣ የአጥር መሠረትና የውጭ ደረጃ ሲነሱ ቤቱ ይላላል። ስለዚህ "250 ይሸከማል" ብሎ ፉቲንጉን ማሳነስ ተቃራኒውን ነው የሚያመጣው። ማሳነስ የሚጠቅመው ፉቲንጉ ከሚለዋወጠው ንብርብር በታች ሲወርድና ጭነቱን እዚያ ሲያተኩር ነው። ግሬድ ቢሙም (ፉቲንጎቹን የሚያያይዘው ከግድግዳ ሥር ያለው ቢም) መረሬው ላይ አይተኛ፤ ከሥሩ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ክፍተቱም አፈር እንዳይገባበት በጎን ይከለል። የፎርሙን ጣውላ እዚያው ትተው የሚሄዱ አሉ፤ እስኪበሰብስ ድረስ እብጠቱን ወደ ቢሙ ያስተላልፋል።

በየቤቱ ዙሪያ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ከ3 እስከ 5 በመቶ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይሠራ፤ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር በሬንጅ ይታሸግ። የጣሪያ አሸንዳ ወደ ቦይ እንጂ ወደ ግቢ አይፍሰስ። የአትክልት ቦታ ከግድግዳ ጋር አይጣበቅ።

ባህር ዛፉ ላይ ተጠንቀቁ። ዛፉ ለዓመታት መጥጦ ያደረቀው አፈር ዛፉ ሲቆረጥ ከየክረምቱ እርጥበቱን እየመለሰ ያብጣል፤ በአንድ ክረምት አያልቅም። እዚያ ላይ ቤት የሚመጣ ከሆነ ዛፉ ካሁኑ ይቆረጥና ግንባታው በስተመጨረሻ ይድረሰው። የሚቀር ዛፍ ካለ ከቤቱ የሚርቀው ቢያንስ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ይሁን።

የምድር መንቀጥቀጡ በቀጥታ ይገናኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ኮድ ዩሮኮድ 8ን (የአውሮፓን የምድር መንቀጥቀጥ ደንብ) ይከተላል፤ የመሬቱ ዓይነት የሚመደበው በላይኛው 30 ሜትር ነው። ሦስት ሜትር ጉድጓድ ላይ ቆሞ "ዓይነት ቢ" (በጣም ጠንካራ አፈር) ማለት ግምት ነው። በእናንተ ሜዳ ላይ ከ5 እስከ 20 ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ንብርብር ከጠንካራ አለት ላይ ተቀምጦ ቢገኝ ዓይነት ኢ ይሆናል፤ የመንቀጥቀጡ ኃይል ማባዣ በዓይነት 1 ስፔክትረም (ደንቡ ለትላልቅ መንቀጥቀጦች በሚጠቀምበት ኩርባ) 1.4 ነው፣ የቢ 1.2። ልዩነቱ በብረትና በኮንክሪት መጠን ይታያል። ለሁለቱ ብሎኮች ኤምኤኤስደብሊው በሚባለው የወለል ሞገድ መለኪያ የሸር ሞገድ ፍጥነቱን (የመሬቱን ጥንካሬ የሚያሳየውን) አስለኩ፤ አንድ ቀን የሚፈጅ የመስክ ሥራ ነው።

ጂኦ_ቦርሆል፦

በመተካቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ አንድ ልዩነት ግን አለኝ። ለጂ+2ቱ የሚለዋወጠው ንብርብር 3 ሜትር ገደማ ከሆነና ከሥሩ ጥሩ የበሰበሰ ባዛልት ካለ፣ መተካትን ትቶ በቁፋሮ የሚሠራ አጭር ፓይል (40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ታችኛው 2 ሜትሩ በጥሩ ንብርብር ውስጥ) በዋጋ ይቀራረባል። የተቆፈረውን መረሬ የት እንደምትደፉ ስትጠየቁ የመተካቱ ዋጋ ይነሳል። የ72 ቤት ወለል 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በ1.5 ሜትር 6,480 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ሲላላ ደግሞ 30 በመቶ ይጨምራል። ለዚህ ሁሉ ሕጋዊ መድፊያ ካልተመለከተ የሌላ ሰው ጅረት ዳር ይሄዳል።

የእናንተው ማዕዘን ላይ ያለው ክምርም እንዲሁ መጣ። ያለ ጥቅጠቃ የተደፋ ነገር ላይ ፉቲንግ አይቀመጥም። ወይ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ ወይ ይታለፋል። በፓይል ከታለፈ ክምሩ ሲሰምጥ ፓይሉን ወደታች ስለሚጎትት ያ ጭነት በሂሳቡ ይግባ። ውስጡ ቆሻሻ ካለም ጋዝ ያመነጫል፤ በጉድጓድ ይፈተሽ። የተደፋ ነገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ መስሎ የሚታያቸው ካሉ መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ የተናደውን የቆሻሻ ክምር ያስታውሱ፤ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል።

የተዳፋቱን መረጋጋት ስታስሠሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሂሳቡ የሚሠራው በክረምቱ ከፍተኛ የውሃ ጠረጴዛ ነው፤ ፒዞሜትሩ ያነበበውን ይጠቀም። ሁለተኛ፣ ለመረሬው የሚገባው ጥንካሬ ከፍተኛው ሳይሆን ከተሰነጠቀና ከላላ በኋላ የሚቀረው ነው። በነባሩ ልማድ የደህንነት መጠኑ (የሚቋቋመው ኃይል ለሚያንሸራትተው ሲካፈል) በቋሚነት 1.5 ይፈለጋል። መንገድ ለማውጣት ተዳፋቱ ግርጌ ላይ ሲቆረጥና የመንገዱ አፈር ከላይ ሲጫን ቁጥሩ ስለሚወርድ ሂሳቡ ለነባሩ፣ በግንባታ ጊዜና ከግንባታ በኋላ ይሠራ። 12 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ መረሬ ግን በትንሽ ዘንበልም ይሳባል። ያዘነበሉ ዛፎች፣ የተጣመመ አጥር፣ ግማሽ ክብ ስንጥቅ፣ በበጋ እርጥብ ሆኖ የሚቀር ሣር ካያችሁ በካርታ ላይ አስቀምጧቸው።

ሳይት_ፎርማን፦

ከግንባታ ቅደም ተከተል በኩል ባጭሩ። መጀመሪያ የላይኛው መቁረጫ ቦይ፣ ከጎረቤት የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞረው። ቀጥሎ የታችኛው ማቆያና ደለል መያዣ። ከዚያ ዶዘሩ ይግባ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ መረሬ አትቆፍሩ፤ ማሽኑ ይሰምጣል፣ የተከፈተው የፉቲንግ ጉድጓድም ውሃ ጠጥቶ ታቹ ይላሽቃል። ጉድጓድ በተከፈተ በማግስቱ ሊን ኮንክሪት (ስስ ማስተኛ ኮንክሪት) ይፍሰስበት፤ ማደሩ ካልቀረ በላስቲክ ይሸፈን።

ድጋፍ ግንብ ካለ ከኋላው መረሬ እንዳይሞላ። ጠጠርና ማጣሪያ ጨርቅ፣ በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር የውሃ መውጫ ቱቦ። በክረምት የሚወድቁ ግንቦች ብዙዎቹ ድንጋያቸው አንሶ ሳይሆን ከኋላቸው የተጠራቀመ ውሃ ገፍቷቸው ነው። የጂ+7ቱ ቤዝመንት ከተቆፈረ ደግሞ ከጎረቤት ቤት ጎን ቀጥ ተደርጎ እንዳይከፈት፤ የቁፋሮ ድጋፍ ሥዕል ከፈቃዱ ጋር ይቅረብ።

የአካባቢ_ገምጋሚ፦

የአካባቢውን ወገን ልያዝ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ይሁንታ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ስለዚህ የፈቃድ ክፍሉ ሲመልሳችሁ ሰበብ እየፈለገ አይደለም። አጭሩ መንገድ የልየታ (ምን ዓይነት ግምገማ እንደሚያስፈልግ የሚለይ) ማመልከቻ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማስገባት ነው፦ የቦታው ካርታ፣ ሳይት ፕላን፣ የቤትና የሰው ብዛት፣ የጅረቱ ርቀት፣ የፍሳሽ አማራጭ፣ የሚቆፈረው አፈር መጠን። ሙሉ ግምገማ ወይስ ቀለል ያለ ሰነድ እንደሚበቃ የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው፤ አማካሪው "አያስፈልግም" ቢል ዋጋ የለውም። ሰነዱን ማዘጋጀት ያለበት ለዚህ ብቃት ያለው ባለሙያ ነው፤ የአካባቢው ነዋሪ ውይይትም ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፣ የተነሳው ጥያቄ በሰነዱ ውስጥ የት እንደተመለሰም ይጠቆም። ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ ወይም ያለ ይሁንታ መጀመር በአዋጁ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚጎዳው የሥራ ማስቆሚያው ነው።

በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምደባ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጠው ጂ+7 ምድብ "ሐ" ውስጥ ይገባል፤ ጂ+2ቱ "ለ" ነው። በአንድ ሪፖርት ሁለቱንም ለመሸፈን አትሞክሩ፤ የአፈር ምዕራፉን ለብሎኮቹና ለተያያዥ ቤቶቹ ለይታችሁ አቅርቡ። የወንዝ ዳርቻውን ርቀት ደግሞ ከአማካሪው ቃል ሳይሆን ከኤልዲፒው (ከአካባቢ ልማት ፕላኑ) ላይ አውጡ፤ ቀያሹ የጅረቱን የክረምት ከፍተኛ ጠርዝ ለክቶ መስመሩን መሬት ላይ በችካል ያሳይ። የተደፋው ክምር በዚያ መስመር ውስጥ ከገባ ማንሳቱ ራሱ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ይሆናል፤ ማዕዘኑንም ለቤት አትቁጠሩት።

ይሁንታው ሲመጣ ቅድመ ሁኔታዎቹን አንብባችሁ ፈርሙ። "አካባቢን በማይጎዳ መልኩ ይሠራ" የሚል ዓረፍተ ነገር ለእናንተም ለተቆጣጣሪውም አይጠቅምም፤ በሚለካ ቃል እንዲተካ ጠይቁ። ለምሳሌ፦ "ከግቢው የሚወጣው ጎርፍ ከ0.16 ሜትር ኩብ በሰከንድ አይበልጥም፤ ማቆያ ኩሬው የመጀመሪያው ጣሪያ ከመመታቱ በፊት ሥራ ይጀምራል።" ወይም፦ "ከአራቱ ፒዞሜትሮች በአንዱ ውሃው በዲዛይኑ ከተያዘው ደረጃ በላይ ከወጣ በተዳፋቱ ላይ ያለ ሥራ ይቆማል፣ ተዳፋቱም እንደገና ይሰላል።" ወይም፦ "የተቆፈረ አፈር የሚደፋበት ቦታ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይያያዛል፤ የእያንዳንዱ ገልባጭ መኪና ደረሰኝ ይቀመጣል።"

የቴክኒክ ኮሚቴ፦

ግልጽ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶናል፤ አሁን ግንቦት ላይ ነን። የክረምቱን ንባብ ከጠበቅን እስከ ጥቅምት ፈቃድ የለም ማለት ነው። አባላት ይህን አይቀበሉም።

ጂኦ_ቦርሆል፦

ሁሉም ነገር አይቆምም። ቁፋሮውን አሁን ጨርሱ፣ ፒዞሜትሮቹ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይቀመጡ። ላቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ኦዶሜትሩ ነው የሚያዘገየው። የልየታ ማመልከቻውንና የፍሳሽ መስመር ጥያቄውን በዚሁ ሳምንት አስገቡ። የጂ+7ቱ ብሎኮችና ከተዳፋቱ የራቁት ቤቶች ዲዛይን በክረምቱ ይሠራል፤ የውሃ ጠረጴዛው በጥንቃቄ ከፍ ተደርጎ ቢያዝ ለእነሱ ይበቃል። ንባቡን መጠበቅ ያለበት የተዳፋቱ መስመር ላይ ያለው የቤት መደዳ ብቻ ነው። ፈቃዱን በሁለት ምዕራፍ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ የመስከረሙ ንባብ ተያይዞ ይቅረብ። ለማንኛውም በክረምት መረሬ ላይ ቁፋሮ ስለማይገባ ያጣችሁት የግንባታ ቀን የለም።

የስርገት ፍተሻውንም ማጣሪያ የምትሠሩ ከሆነና የታከመውን ውሃ ለአትክልት የምትጠቀሙ ከሆነ ነሐሴ ላይ አሠሩት።